አዲሱ ሃርድ ዲስክ «አላነብ» ሲል፦ ወደ ሱቅ ከመመለሳችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ የምታስቀምጥበት ቦታ ሞልቶባት ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዝታ ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ገጠመላት። ስታበራው ዊንዶውስ ተነሳ። ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ አዲሱ ዲስክ ግን የለም።

«የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» አለችኝ። ደረሰኟን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ቆይ እስቲ፣ እንዳታስነቅይው» አልኳት። በስልክ እየነገርኳት ሁለት ሦስት ቦታ ነካካች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዲስኩ ብቅ አለ። ቀድሞውንም ምንም አልሆነም ነበር። ባዶ ስለሆነ ብቻ ነው ያልታየው።

እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ይደወልልኛል። ሰው ለፍቶ ባገኘው ገንዘብ ዲስክ ይገዛል፤ አልታይ ሲለው ይደነግጣል። ከዚያ ወይ ደህናውን ዲስክ ሊመልስ ይሄዳል፣ ወይ ቤቱ ሊጨርሰው ለሚችል ሥራ ለጠጋኝ ይከፍላል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ፊቱ የመጣለትን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ ሲጫን የድሮውን ዲስክ ከነፋይሉ ያጠፋል። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

አንዷን ጥያቄ መጀመሪያ መልሱ

ዲስኩን የሚያዩት ሁለት ናቸው። አንዱ ባዮስ ነው፤ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ያለ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም። ሌላው ራሱ ዊንዶውስ ነው። ባዮስን እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። በበሩ ማን እንደገባ ያውቃል፤ እንግዳው ምን ይዞ እንደመጣ ግን አያገባውም። ዊንዶውስ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው፤ እንግዳው ክፍል እስኪሰጠው ድረስ ከቤተሰቡ ጋር አይቆጥረውም።

ጥያቄዋ እንግዲህ ይህች ናት፦ ዘበኛው አይቶታል ወይ?

ባዮስ ዲስኩን ካየው ኬብሉም፣ መብራቱም፣ ዲስኩም በአብዛኛው ደህና ናቸው። የቀረው ዊንዶውስ ላይ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ባዮስ ካላየው ግን ዊንዶውስ ላይ የፈለጋችሁትን ብትነካኩ ለውጥ አይመጣም። ኬብሉን፣ መብራቱን፣ መሰኪያውን፣ በመጨረሻም ዲስኩን መመርመር ነው። ብዙ ሰው ግማሽ ቀኑን የሚያባክነው ይህን ሳይለይ ስለሚጀምር ነው።

እኔ ግን ከባዮስ አልጀምርም። ከዊንዶውስ እጀምራለሁ፤ ይቀላል፣ አብዛኛው አዲስ ዲስክም እዚያው ይገኛል።

ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ

ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን የስታርት ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑት። ረዘም ያለ ዝርዝር ይመጣል። ከእሱ ውስጥ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ። ይህ በዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። በዊንዶውስ 7 ከሆነ «ኮምፒውተር» የሚለውን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ማኔጅ» ትላላችሁ፤ እዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መስኮቱ ሲከፈት ከታች በኩል ዲስኮቹ አንድ በአንድ ተደርድረው ይታያሉ። ቁጥራቸው የሚጀምረው ከ0 ነው። ዊንዶውስ ያለበት ብዙ ጊዜ ዲስክ 0 ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ በቁጥሩ አትተማመኑ፤ መጠኑን አንብቡ። 1 ቴራባይት ከገዛችሁ 931 ጊጋባይት የሚለውን ፈልጉ። 2 ቴራባይት ከሆነ 1863 ጊጋባይት አካባቢ ይላል። 500 ደግሞ 465 ይሆናል።

«69 ጊጋባይቴ የት ገባ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ማንም አልወሰደባችሁም። አምራቾቹ የሚቆጥሩት በ1000 እያባዙ ነው፤ ዊንዶውስ በ1024 ያሰላል። ባይቱ ያው ነው፣ መለኪያው ነው የሚለያየው። በዚህ ምክንያት ከሻጭ ጋር የተጣላ ሰው አውቃለሁ፤ ሻጩ ያለ ጥፋቱ ነበር የተሰደበው።

አሁን ወደ ሥራው። ዲስኩ ፈጽሞ አዲስ ከሆነ ገና መስኮቱን ስትከፍቱ «ኢኒሻላይዝ ዲስክ» (ዲስኩን ላስጀምረው?) የሚል ጥያቄ ይመጣል። ካልመጣ ዲስኩ ስም ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ራሳችሁ ልታመጡት ትችላላችሁ። ጥያቄው የዲስኩ ክፍሎች የሚመዘገቡባቸውን ሁለት አሠራሮች ያስመርጣችኋል፦ ኤምቢአር እና ጂፒቲ።

ጂፒቲን ምረጡ። ኤምቢአር የድሮው አሠራር ነው፤ ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለውን ቦታ መቁጠር አይችልም። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በኤምቢአር ብታስጀምሩት ግማሹ እንደ ጠፍ መሬት ይቀራል፤ አለ፣ ግን አትጠቀሙበትም። ኤምቢአር የሚያስፈልጋችሁ ዲስኩን እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባለ በጣም አሮጌ ነገር ላይ ልትሰኩት ከሆነ ነው።

ቀጥሎ የዲስኩን ረድፍ ተመልከቱ። ከላዩ ጥቁር መስመር አለው፤ ውስጡ «አንአሎኬትድ» ይላል። ቦታው አለ፣ ገና አልተከፋፈለም ማለት ነው። እዚያ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» በሉ። ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ፦

1. የመጠን ጥያቄ ሲመጣ እንዳለ ተዉት። ሙሉውን ቦታ ይወስዳል። ለሁለት መክፈል የምትፈልጉ ከሆነ ብቻ ቁጥሩን ቀንሱት።
2. ፊደል ስጡት። ኢ ወይም ኤፍ፣ ያልተያዘ የሆነ ፊደል።
3. የፎርማቱን ዓይነት ምረጡ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚኖር ዲስክ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ። ኤክስተርናል፣ ማለትም በዩኤስቢ ከውጭ የሚሰካ፣ ሆኖ ከማክ ጋር የምትቀያየሩበት ከሆነ ኤክስፋት ይሻላል።
4. ስም ጻፉለት። ሁለት ዲስክ ያለው ሰው «ኒው ቮልዩም» እና «ኒው ቮልዩም» ብሎ ትቶ በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። የአክስቴ ልጅ «ሠርግ» ብላ ነው የሰየመችው።
5. «ኩዊክ ፎርማት» ላይ ምልክት መኖሩን አይታችሁ ጨርሱ።

ኩዊክ ፎርማት በሰከንዶች ያልቃል። ምልክቱን ብታነሱት ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሸዋል፤ ለ2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ፍተሻው ጥሩ ነው። ግን መብራት ጠፋ መጣ በሚልበት ሰዓት አትጀምሩት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ከሌላችሁ ሌላ ቀን ይደረግ።

ጥቁሩ መስመር ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሥራው አልቋል።

በዲስክ ማኔጅመንት አለ፣ ግን ሁኔታው ሌላ ከሆነ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ፋይል የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ነው።

ዲስኩ ሰማያዊ መስመር ኖሮት ፊደል ብቻ ከሌለው የጎደለው ፊደል ነው። በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፊደል መቀየሪያውን ክፈቱና አንድ ስጡት። ፎርማት አያስፈልገውም።

«ኦፍላይን» የሚል ከሆነ የዲስኩ ስም ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ኦንላይን» በሉት።

«ሮው» የሚል ከሆነ ግን እጃችሁን አንሱ። ሮው ማለት ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ የተጻፈውን አላወቀውም ማለት ነው። ዲስኩ በእርግጥ ከታሸገ ፓኬት የወጣ ከሆነ ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ያገለገለ ከሆነ ወይም ከሌላ ሰው የመጣ ከሆነ ግን ውስጡ ፋይል ሊኖር ይችላል። ከሊኑክስ ወይም ከማክ የመጣ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ በወጉ አይታይም። ከደኅንነት ካሜራ መቅጃ የወጣ ዲስክም እንደዚያው ነው፤ እነዚህ መቅጃዎች ብዙዎቹ የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ትእዛዝ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። «አይ» ማለት ትችላላችሁ።

ዲስኩ በትክክል የእናንተ ከሆነ፣ ውስጡም የሚፈለግ ነገር ከሌለ፣ ግን በተለመደው መንገድ አልጸዳ ካለ ዲስክፓርት የሚባል የትእዛዝ መሣሪያ አለ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍታችሁ «ዲስክፓርት» ትጽፋላችሁ፤ ቀጥሎ «ሊስት ዲስክ»፣ ቀጥሎ «ሴሌክት ዲስክ» ከቁጥሩ ጋር፣ በመጨረሻ «ክሊን»፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ፊደል። «ክሊን» ሳይጠይቅ ነው የሚያጸዳው። «እርግጠኛ ነህ?» አይልም። ከዓመታት በፊት ቁጥሩን ሳላረጋግጥ ጽፌ የራሴን የሁለት ዓመት ሥራ የያዘ ዲስክ ባዶ አድርጌያለሁ። ከግማሽ በላዩን አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ ይህን ትእዛዝ ከመጻፌ በፊት፣ ዊንዶውስ ካለበትና ከሚጸዳው በቀር፣ ሌሎቹን ዲስኮች በሙሉ ከኮምፒውተሩ እነቅላለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ብሎን መፍታት አሥር ደቂቃ ነው፤ የጠፋ ፎቶ ግን አይመለስም።

በዲስክ ማኔጅመንት ፈጽሞ ከሌለ፦ ባዮስን ጠይቁ

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት፣ ገና የአምራቹ ምልክት ሲታይ፣ የባዮሱን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። በዴል ኤፍ 2 ነው። በኤችፒ ኤፍ 10፣ ላፕቶፑ ላይ አንዳንዴ መጀመሪያ ኢስኬፕ ተጭናችሁ። በሌኖቮ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2። ተገጣጥሞ በተሠራ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዲሊት ነው። ፈጥኖ የሚያልፋችሁ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ፤ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ወደ ባዮስ የሚያስገባ ምርጫ ታገኛላችሁ።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ምንም አትቀይሩ። ስቶሬጅ፣ ሳታ ወይም ድራይቭስ የሚል ገጽ ፈልጉና የዲስካችሁ የሞዴል ቁጥር መኖሩን ብቻ እዩ። የሞዴል ቁጥሩ ዲስኩ ጀርባ ላይ ተጽፏል። በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ማነጻጸር ነው። እዚያው ገጽ ላይ መሰኪያው «ዲስኤብልድ» ተደርጎ ካያችሁ ግን እሱን «ኤንኤብልድ» አድርጉት። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ትርፍ መሰኪያዎች ተዘግተው ይገኛሉ።

እንግዲህ ባዮስም ካላየው ካቻቪቴ የሚያዝበት ሰዓት ደርሷል።

መብራቱንና ኬብሉን መርምሩ

ኮምፒውተሩን አጥፉ። የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጥ የቀረው መብራት ይወጣል። ዲስኩን ከመንካታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ብረት በእጃችሁ ንኩ። በበጋ፣ አየሩ ደርቆ ባለበት ጊዜ፣ ሹራብ ስታወልቁ የሚነዝራችሁ ነገር የዲስኩን ሰሌዳ ሊገድል ይችላል።

ተራው ዲስክ ሳታ በሚባል መሰኪያ ነው የሚገናኘው፤ ሁለት ገመድ ይፈልጋል። ጠባቡ የመረጃ ነው፣ 7 ፒን አለው። ሰፊው የመብራት ነው፣ 15 ፒን። አንዱን ብቻ ሰክቶ ሌላውን የሚረሳ ሰው በጣም ብዙ ነው። የሁለቱም አፍ በጎኑ ትንሽ የታጠፈ ስለሆነ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚገባው። አልገባ ካለ አትግፉት፣ ገልብጡት። ያ ፕላስቲክ ከተሰበረ በዋስትና የሚቀበላችሁ የለም።

አሁን ጆሮና እጅ ነው የሚሠራው። ሽክርክር ያለው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ኮምፒውተሩን አብሩና ጎኑን በቀስታ ንኩት።

ምንም የማይንቀጠቀጥ ከሆነ መብራት አልደረሰውም። የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ሌላ ራስ ሞክሩ። የድሮው ዲስክ የሚሠራበትን ራስ አውጥታችሁ ለአዲሱ ስጡት። በዚህ ከተነሳ ችግሩ ዲስኩ ላይ አይደለም። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ አንዳንድ አዳዲስ ትልልቅ ዲስኮች፣ በተለይ ለሰርቨር የተሠሩት፣ በሳታው 3ኛ ፒን 3.3 ቮልት ሲመጣባቸው አንነሳም ይላሉ። ዲስኩን ከሩቅ ለማጥፋት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። የድሮ ፓወር ሰፕላይ ይህን አያውቅም፤ በዚያ ፒን ሁልጊዜ ይልካል። ባለ አራት ቀዳዳውን የድሮ የመብራት ራስ ወደ ሳታ የሚቀይር ኬብል ብትጠቀሙ 3.3 ቮልቱ አይደርሰውም፣ ዲስኩም ይነሳል። ይህን ኬብል ስትገዙ በደንብ የተሠራውን ምረጡ፤ ርካሹ ሊቀልጥ ይችላል።

ዲስኩ እየዞረ ባዮስ ካላየው ደግሞ ጥርጣሬው ወደ መረጃው ኬብል ይዞራል። ሌላ ኬብል ሞክሩ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ መሰኪያ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ የትኛው እንደነበረ አታውቁም። ኤም 2 ኤስኤስዲም (ከታች የምናያት፣ የሚሽከረከር ነገር የሌላት ስስ ዲስክ) ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ ሌላ ነገር አለ። በብዙ ማዘርቦርድ የኤም 2 ቦታ ሲያዝ ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ። መመሪያው ላይ የትኞቹ እንደሆኑ ተጽፏል። መመሪያው ከሌላችሁ የቀሩትን መሰኪያዎች በተራ ሞክሩ።

«ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ በእኩል ልዩነት እየደጋገመ ከሰማችሁ አጥፉት። መብራት ሲያንሰው እንዲህ የሚልበት ጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ በሌላ የመብራት ራስ ሞክሩት። ካልተወው ወደ ሱቅ ይመለስ። ደጋግሞ ማብራት አይጠቅመውም።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለሃርድ ዲስክ አይስማማም የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። መነሻው እውነት ነው። ተራው ሃርድ ዲስክ ጭንቅላቱ ከሚዞረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየር ሲሳሳ ይቸገራል። ግን አምራቾቹ ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3048 ሜትር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ናት። ስለዚህ ጥፋቱን ከፍታው ላይ አታሳብቡ። ከሱቅ እስከ ቤት በሚኒባስ ታክሲ ስትመጡ ግን ዲስኩን በወፍራሙ ማሸጊያው ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። የዲስክ ጠላት መውደቅ ነው።

ኤክስተርናል ከሆነ

እዚህ ላይ ከአሥሩ ሰባቱን ጊዜ ያገኘሁት ኬብሉን ነው። ሌላ ኬብል ሞክሩ፣ አጠር ያለ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን መሰኪያ ትታችሁ ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሰኩት። የዩኤስቢ ማከፋፈያ አትጠቀሙ። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ 500 ሚሊ አምፔር ነው የሚሰጠው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ሽክርክር ያለው ትንሹ ዲስክ ሲነሳ 500 ላይበቃው ይችላል። ዲስኩ ላይ ያለችው ትንሿ ጠቋሚ መብራት በርታ ዲስኩ የማይታየው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ትልቁ፣ 3.5 ኢንቹ፣ የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር አለው። አዳፕተሩን ከሌላው ዕቃ ጋር አትቀላቅሉ። የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት አካባቢ ነው፤ አፉ ገጥሞ ሊገባ ይችላል፤ ከገባ ዲስኩን ያቃጥለዋል። የራውተር አዳፕተር ደግሞ 12 ቮልት ሆኖ 1 አምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ለመነሳት 2 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ኤም 2 ከሆነ

ማስቲካ የምታህለዋ ስስ ሰሌዳ ናት። ሁለት ዓይነት አለች፣ መልካቸው አንድ ነው፦ በሳታ የምትሠራ እና ኤንቪኤምኢ በሚባል ሌላ አሠራር የምትሠራ። ላፕቶፑ አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሌላኛዋ ገብታ፣ ተጠብቃ፣ ምንም አትታይም። ዲስኩ አልተበላሸም፣ ላፕቶፑም ደህና ነው፤ አልተገናኙም። ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ የትኛውን እንደሚቀበል እዩ። አፏ ላይ አንድ ጎድጎድ ብቻ ካላት በአብዛኛው ኤንቪኤምኢ ናት፤ ሁለት ካላት በአብዛኛው ሳታ ናት። ርዝመቷንም ልብ በሉ። 2280 የሚለው ቁጥር 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው።

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ ላፕቶፖች ዊንዶውስ አዲስ ስትጭኑ፣ ባዮስ ዲስኩን አይቶት የዊንዶውስ መጫኛው «ምንም ድራይቭ አላገኘሁም» ሊል ይችላል። ምክንያቱ ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል አሠራር ነው። መጫኛው የእሱን ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም) አልያዘም። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዱ፣ ፍላሽ ላይ ዘርግታችሁ አስቀምጡ፣ መጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» ብላችሁ አሳዩት። ዲስኩ ወዲያው ይመጣል። ቪኤምዲን ባዮስ ውስጥ ማጥፋትም ይቻላል። ዊንዶውስ ተጭኖ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ግን አታጥፉት፤ አልነሳም ሊል ይችላል።

በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ፣ ከዚያ ሱቅ

እስካሁን ያለው ሁሉ ካልሠራ ዲስኩን ወደ ጓደኛ ወይም ወደ ቢሮ ኮምፒውተር ውሰዱት። እዚያም ካልታየ ዲስኩ ነው። አሁን በሙሉ ልብ መመለስ ትችላላችሁ። «በሁለት ኮምፒውተር፣ በሁለት ኬብል ሞክሬዋለሁ፤ ባዮስ አያየውም» ብላችሁ ስትገቡ ሻጩ የሚከራከረው ነገር ያንሰዋል። እዚያው እንዲሰካው ጠይቁ፤ ሲሰካው ቆማችሁ እዩ።

እንዲያውም ስትገዙ ነበር ይህ መደረግ ያለበት። ብዙ ኮምፒውተር ቤቶች የሚሠራ ማሽን አላቸው። «ሰክታችሁ አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ዲስኩ የሠራባቸው ሰዓቶች ብዛት ይታያል። አዲስ ዲስክ 0 ወይም ጥቂት ሰዓት ነው የሚለው። አንድ ወዳጄ አዲስ ብሎ የገዛው ዲስክ ከ20,000 ሰዓት በላይ ይል ነበር። ይህ ከሁለት ዓመት በላይ ቀን ከሌሊት የሠራ ዲስክ ነው። ማሸጊያው ግን አዲስ ነበር።

እዚያው ፕሮግራም ላይ ቀለሙ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ አትውሰዱት። ሲ7 የሚለው፣ የመረጃ ዝውውር ስህተትን የሚቆጥረው መስመር ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው፤ ዲስኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ።

በጣም ርካሽ የሆነ፣ «16 ቴራባይት» የሚል ትንሽ የዩኤስቢ ኤስኤስዲ ካያችሁ ደግሞ እለፉት። እንዲህ ያሉት ውስጣቸው ትንሽ ፍላሽ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚዋሹት። ፋይሉን የተቀበሉ መስለው በላዩ ላይ ይጽፉበታል። ኤች 2 ቴስት የሚባል ፕሮግራም ዲስኩን እስኪሞላ ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ያስተማምናል።

ዲስኩ ከታየ በኋላ

ፋይላችሁን ገልብጡ፣ ግን የድሮውን ቅጂ ቶሎ አታጥፉ። አዲስ ዲስክም ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊበላሽ ይችላል። ለአክስቴ ልጅ ያልኳትም ይህንኑ ነው፦ የአንድ ወር የሠርግ ሥራ በሁለቱም ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ደረሰኙን ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ በጊዜ ይለቃል፤ ዋስትናው ሳያልቅ ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከጎኑ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር የያዘውን ወረቀት አብራችሁ አንሱ፤ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት።